ድርቅ የማይበግረው ቅንጭ አረም፦ በማከፋፈያ ጣቢያዎችና በሠፈራ ሥፍራዎች ለይቶ ስለማወቅና ስለመከላከል

ድርቅ ባጠቃው ወረዳ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ውስጥ ምድሩ አረንጓዴ መልበስ ይጀምራል። ለወራት የተቃጠለ መስክ ሲመለከት የቆየ የዕርዳታ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የበቀለው ነገር ምን እንደሆነ ጎንበስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። ሣር ከሆነ የከብት መኖ ነው፤ ማሽላ ከሆነ በመኸር የሚሰበሰብ እህል ነው። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ፣ በመሬት ላይ ተነጥፎ ዙሪያውን የተዘረጋ ለምለም ተክል ከሆነ ግን የሚቀጥለው ዓመት ችግር በዚያ ቦታ ላይ ከወዲሁ በቅሏል ማለት ነው።

ይህ ተክል በአማርኛ ቅንጭ አረም፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ ይባላል። አበባው ነጣ ያለና ደቃቅ በመሆኑ ከሩቅ ለሚያየው ሰው በተክሉ ላይ ቅንጬ የተነሰነሰበት ይመስላል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገኙ የኦሮሞ ገበሬዎች ፈረምሲሳ ይሉታል፤ ትርጓሜውም አስፈራሚ እንደ ማለት ሲሆን፣ አረሙ እርሻው የገባበት ሰው ፈርሞ መሬቱን ለቆ ይሄዳል የሚል ምሬት ያዘለ ነው። ሶማሌዎች ደግሞ ከሊጊኖሌ፣ ማለትም ብቻውን የሚኖር፣ ብለው ሰይመውታል። የመጀመሪያው ስም ጉዳቱን፣ ሁለተኛው ደግሞ ጠባዩን ይናገራል፤ ሁለቱም ከብዙ ጽሑፍ ይልቅ ነገሩን አሳጥረው የሚገልጹ ናቸው።

በዘር ሐረጉ ሲታይ ቅንጭ አረም ከክፉ ቤት የወጣ ተክል አይደለም። የዕፅዋት ሊቃውንት የአስተር ቤተሰብ ብለው በሚጠሩት ሰፊ ወገን ውስጥ ይመደባል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዘይት የሚጨመቅበት ኑግ፣ ሱፍ፣ በመስከረም ሜዳውን የሚያለብሰው አደይ አበባና በየጓሮው የሚተከለው አሪቲ ይገኛሉ። የቤተሰቡ ዋና ምልክት አንድ አበባ የሚመስለው ነገር በእርግጥ የብዙ ደቃቅ አበቦች ስብስብ መሆኑ ነው። ይህ ምልክት ወደ ታች እንደሚገለጸው ቅንጭ አረምን ከሌሎች ለመለየት ይጠቅማል።

አረሙ የመጣበት መንገድ

የቅንጭ አረም የትውልድ አገር ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል፣ በተለይም በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው ምድር ነው። ከዚያ ወጥቶ ወደ ሌሎች አህጉራት የተሰራጨው በራሱ ኃይል ሳይሆን በሰው ጭነት ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ በተባለው ግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ክሌርሞንት በተባለው ቦታ ከቴክሳስ ከመጣ የግጦሽ ሣር ዘር ጋር ተቀላቅሎ ገባ። በአገሪቱ በሰፊው የተዛመተው ይህ ሁለተኛው ነው። በሕንድ በፑኔ ከተማ አካባቢ የታየው እንዲሁ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ የመጣው ከውጭ በገባ ስንዴ ውስጥ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል።

በኢትዮጵያ አረሙ መኖሩ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1988 በድሬዳዋና በሐረርጌ አካባቢ ነው። እንዴት እንደገባ ሁለት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በተሽከርካሪዎች ጎማና አካል ላይ ተጣብቆ ገባ የሚል ነው። ሌላው በድርቅ ዓመታት ከውጭ በመጣ የዕርዳታ እህል ውስጥ ዘሩ ተቀላቅሎ ነበር የሚል ነው። ሁለተኛውን ሐሳብ የሚያጠናክረው አረሙ በብዛት ከታየባቸው ቀዳሚ ሥፍራዎች መካከል የምግብ ማከፋፈያ ማዕከሎች አካባቢ መኖሩና ከምሥራቁ ቀጥሎ ሌላው ዋና የመዛመቻ ማዕከል በወሎ፣ በደሴ አካባቢ መገኘቱ ነው። እንደሚታወቀው ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብና ከዚያም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ከፍተኛ ረሃብ ከሁሉ ይበልጥ ከተጎዱትና ከፍተኛ የእህል ዕርዳታ ከተጓጓዘባቸው አካባቢዎች አንዱ ነበር።

ከሁለቱ ሐሳቦች የትኛው እውነት ነው የሚለው ጥያቄ ለተመራማሪዎች ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ለመስክ ኃላፊ ግን ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ተሽከርካሪውም እህሉም ዛሬም የዕርዳታ ሥራ መሣሪያዎች ናቸውና። ይህ ሲባል ዕርዳታውን ለመንቀፍ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. እህሉ ባይደርስ ኖሮ ይሞት የነበረው ሰው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ጆንያውን ፈትቶ የአረም ዘር የሚለቅም ሊኖርም አይችልም። ነገር ግን ያን ጊዜ ያልታወቀው ነገር ዛሬ ታውቋል፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ የነበረው ሰው ያልተጠየቀበትን የዛሬው ሰው ይጠየቅበታል።

ድርቅን እንዴት ይቋቋማል?

ዕፅዋት ድርቅን የሚያልፉበት መንገድ ይለያያል። እንደ ቁልቋል ያለው ውሃ አከማችቶ ይታገሣል። ሌላው ደግሞ ዝናብ ባለበት አጭር ጊዜ ውስጥ ዕድሜውን ጨርሶ፣ ዘሩን በአፈር ውስጥ አኑሮ ይሞትና ድርቁን በዘሩ አማካይነት ይሻገራል። ቅንጭ አረም በዋናነት የዚህ የሁለተኛው ወገን ሲሆን፣ ትዕግሥትንም ጨምሮ የያዘ ተክል ነው።

ከዘሩ እንጀምር። ዘሩ ጥቁር፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ደቃቅ ነገር ነው። በዘሩ ሽፋን ላይ መብቀልን የሚያግድ ንጥረ ነገር አለ፤ ይህም በውሃ የሚታጠብ ነው። በመሆኑም ዘሩ በአንድ ቀን ካፊያ ተታልሎ በቅሎ አይደርቅም። አፈሩን በሚገባ ያራሰ ዝናብ ሲጥል እገዳው ታጥቦ ይሄድና ዘሩ ይበቅላል። ብዙዎቹ የአገር ሰብሎች ይህ ጥንቃቄ የላቸውም፤ በበልግ መጀመሪያ የሚጥል የሐሰት ዝናብ ስንቱን ማሽላ አብቅሎ እንዳከሰረ ማንኛውም የቆላ ገበሬ ይናገራል። በላይኛው አፈር ላይ የቀረ ዘር ቶሎ ኃይሉን ያጣል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ተቀብሮ የተቀመጠ ግን ለዓመታት ሕያው ሆኖ ይቆያል። የአንድ ዓመት ዘመቻ አረሙን የማያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ተክሉ ከበቀለ በኋላ ወዲያው ወደ ላይ አያድግም። ቅጠሎቹን እንደ ሰፌድ ክብ አድርጎ በመሬት ላይ ያነጥፋል። በዚህ ጊዜ ዋና ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ዝናቡ ቢቋረጥ በተነጠፈበት ተኝቶ ይጠብቃል፤ በሥሩ ከሥር ያለውን እርጥበት ይስባል፤ በተዘረጉት ቅጠሎቹ ደግሞ በአጠገቡ ሊበቅል የሚሞክረውን ሣር ብርሃን ይነፍጋል። ዝናቡ ሲመለስ ግንዱ ተመዞ ይወጣና ቅርንጫፍ ያበዛል። ከበቀለበት ቀን አንሥቶ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያብባል። እርጥበት እስካገኘ ድረስም ለወራት ሳያቋርጥ እያበበና ዘር እያረገፈ ይቀጥላል። ጤፍም ሆነ ማሽላ ከዚህ ጋር ሊወዳደር እንደማይችል ግልጽ ነው።

በዚህ ላይ ቅጠሉና ሥሩ ፓርቴኒን የተባለውን ጨምሮ ሌሎች ዕፅዋት እንዳይበቅሉ የሚያደርጉ ኬሚካሎች አሉባቸው። ከቅጠሉ የተዘጋጀ ጠንከር ያለ ጭማቂ የጤፍን ዘር ከመብቀል እንደሚያግድ በሙከራ ታይቷል። ሶማሌዎቹ ብቻውን የሚኖር ያሉት በከንቱ አይደለም።

የድርቅና የዚህ አረም ግንኙነት ግን በተክሉ ጠባይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ድርቅ ሣሩን ያጠፋል፤ የተረፈውን የተራቡ ከብቶች እስከ ሥሩ ይግጡታል፤ በውሃ ቦታዎች ዙሪያም መሬቱ በእግር ብዛት ይራቆታል። ሣር በሚገባ በሸፈነው መስክ ላይ ቅንጭ አረም በቀላሉ ሊገባ አይችልም። በተራቆተ መሬት ላይ ግን ተቀናቃኝ የለውም። ከብቶች ስለማይወዱት የቀረችዋን ሣር መርጠው በመብላት ቦታውን ያሰፉለታል። ስለዚህ ድርቁ በከፋ ቁጥር ለአረሙ የሚመቸው መሬት ይጨምራል፤ መሬቱም እየከፋ በሄደ መጠን የሚቀጥለው ድርቅ ይበልጥ ይጎዳል።

ለይቶ ማወቅ

አንድ የመስክ ሠራተኛ አረሙን በሦስት የዕድገት ደረጃዎች መለየት መቻል አለበት። ከሁሉ የሚጠቅመው የመጀመሪያውን መለየት ነው፤ ከሁሉ የሚያስቸግረውም እርሱ ነው።

በለጋነቱ ግንድ የለውም። ቅጠሎቹ ከአንድ እምብርት ተነሥተው መሬት ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። እያንዳንዱ ቅጠል ወደ መሐል አጥንቱ ድረስ በጥልቀት የተሰነጣጠቀ ነው፤ ስንጣቂዎቹም ራሳቸው መልሰው የተሰነጠቁ ናቸው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሲሆን፣ በእጅ ሲዳሰስ ለስላሳና ደቃቅ ጸጉር ያለበት መሆኑ ይታወቃል። የታችኞቹ ቅጠሎች ስንዝርና ከዚያም በላይ ይረዝማሉ። በዚህ ደረጃ ላይ ያየው ሰው ካሮት፣ ድንብላል ወይም አሪቲ ሊመስለው ይችላል። አሪቲን ለመለየት ቅጠሉን በጣት አሽቶ ማሽተት በቂ ነው፤ የአሪቲ መዓዛ የማይሳት ነው፤ ቀለሙም ወደ ብርማ ግራጫ ያደላል፤ ከዓመት ዓመት የሚኖር ቁጥቋጦም ነው። ድንብላልም እንዲሁ በሽታው ይታወቃል። ካሮት ከሆነ ሲነቀል ሥሩ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ደረጃ ግንዱ ከወጣ በኋላ ነው። ግንዱ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ መስመሮች ያሉት ነው፤ ሲያረጅ እንደ እንጨት ይጠነክራል። አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት እስከ ደረት የሚደርስ ቁመት አለው፤ በተመቸ መሬት ላይ ከሰው ቁመት ጋር የሚተካከልም ይገኛል። ቅጠሎቹ በግንዱ ላይ የሚወጡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ሳይሆን በየተራ፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ወገን ነው። ይህ ጥሩ መለያ ነው። ኑግና አደይ አበባ ቅጠላቸው ፊት ለፊት የተጣመደ ነውና። ወደ ላይ በወጣ መጠን ቅጠሉ እያነሰና ስንጥቁም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከአናቱ ላይ አንድ ቅጠል ብቻ ቆርጦ ወደ ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ሠራተኛ አጣሪውን ያሳስታል።

ሦስተኛው ደረጃ አበባው ነው። በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ እጅግ ብዙ ነጫጭ የአበባ ራሶች ይታያሉ። እያንዳንዱ ራስ ከክብሪት ራስ እምብዛም አይበልጥም። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ራሱ ፍጹም ክብ ሳይሆን አምስት ማዕዘን ያለው ይመስላል፤ በአምስቱም ማዕዘን ላይ አንዳንድ በጣም አጭር ነጭ የአበባ ቅጠል አለ። ዘር የሚይዙት እነዚህ አምስቱ ናቸው፤ በመሆኑም አንድ ራስ እስከ አምስት ዘር ይሰጣል። ቁጥሩ ሲሰማ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ራሶቹ በሺሕ የሚቆጠሩ በመሆናቸው አንድ ተክል በአማካይ 15,000 ያህል ዘር ሊያፈራ እንደሚችል፣ እጅግ የተመቸው ደግሞ እስከ 100,000 እንደሚደርስ በጥናት ተገልጿል።

በየጓሮው የሚበቅልና አምስት ትንንሽ ነጭ የአበባ ቅጠሎች ያሉት ሌላ የዚሁ ቤተሰብ አረም ስላለ ሁለቱ እንዳይምታቱ ያስፈልጋል። የጓሮው አረም የአበባው መሐል ቢጫ ነው፤ ቅጠሉም ያልተሰነጠቀና በጥንድ የሚወጣ ነው። የቅንጭ አረም አበባ መሐሉም ነጣ ያለ ነው። ቢጫ አበባ ያለው ተክል ሁሉ፣ ምንም ዓይነት ቅጠል ይኑረው፣ ቅንጭ አረም አይደለም።

ስለ አበባው አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ነጭነቱ ዓይን የሚስብ በመሆኑ በፓኪስታን ከተሞች ለአበባ እቅፍ ማሟያ እየተባለ ሲሸጥ ታይቷል። ደስ ስላለው ብቻ ነቅሎ በየግቢው የሚተክል ወይም ለልጆቹ መጫወቻ የሚሰጥ ሰው ሊኖር ስለሚችል ይህንኑ ለሕዝቡ ማስረዳት ተገቢ ነው።

የሚያደርሰው ጉዳት

በምሥራቅ ኢትዮጵያ በማሽላ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው አረሙ እስከ ምርት ጊዜ ድረስ ሳይታረም ከቀረ የማሽላው ምርት እንደ ቦታውና እንደ ዓመቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ ይቀንሳል። ከመቶው 97 የጠፋበት እርሻ በተግባር ድርቅ ከመታው እርሻ አይለይም፤ የሚለየው ዝናብ እያለ የጠፋ መሆኑ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ገምጋሚ የዝናቡን መጠን መዝግቦ ዓመቱ ደህና ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የምርት ግምገማ ቡድኖች በቅጻቸው ላይ የአረም ዓምድ ሊኖራቸው ይገባል።

በከብት በኩል፣ ሌላ መኖ ያጣ ከብት አረሙን ሊበላ ይችላል። ያን ጊዜ ወተቱና ሥጋው ይመርራል፤ ብዙ ከበላም ይታመማል፤ ከዚያም አልፎ ሊሞት ይችላል።

በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከንክኪና ከብናኙ የሚመጣ ነው። ደጋግሞ በነካው ሰው ላይ በእጅ፣ በአንገትና በፊት ቆዳ ላይ የሚያሳክክ ቁስል ይወጣል፤ ብናኙ ደግሞ ማስነጠስንና አስምን ያስከትላል። ጉዳዩን አሳሳች የሚያደርገው ሁሉንም ሰው በአንድ ጊዜ የማይነካ መሆኑ ነው። ለብዙ ጊዜ በባዶ እጁ ሲነቅል የኖረ ሰው ምንም አላደረገኝም ሊል ይችላል፤ ሰውነቱ አለርጂ የጀመረው ዕለት ግን ወደ ኋላ አይመለስም። በተዳከመ አካል በመጠለያ የሚኖር ሕዝብ በአረሙ መካከል እንዲተኛ ማድረግ ተጨማሪ በሽታን መጋበዝ ነው።

በመጋዘንና በማከፋፈያ ጣቢያ የሚደረግ ቁጥጥር

አረሙ በአንድ ጣቢያ ውስጥ የት እንደሚበቅል አስቀድሞ መገመት ይቻላል። መኪና የሚዞርበትና ጎማ የሚራገፍበት፣ ጆንያ የሚራገፍበት፣ የመጋዘን ጥራጊ የሚጣልበት፣ የጭነት ከብት የሚታሰርበትና የጎርፍ መውረጃው ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ጥራጊው ነው። የመጋዘን ሠራተኛ ወለሉን ጠርጎ ከአጥር ውጭ ይደፋዋል ወይም ለዶሮ የሚፈልግ ሰው ይወስደዋል። እህሉ ስንዴ ከሆነ ደቃቁ የአረም ዘር ከጆንያው ውስጥ ሾልኮ ወደ ታች ስለሚወርድ ጥራጊው ውስጥ ይበዛል። ጥራጊ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተከማችቶ ሊቃጠልና በጥልቀት ሊቀበር ይገባል እንጂ ከግቢ መውጣት የለበትም። በተለይ ለዘር የሚታደል እህል ከአረሙ አካባቢ የተገዛ ከሆነ በወንፊት መለየት ያሻል፤ ለስንዴና ለማሽላ ይህ ይሠራል፤ ለጤፍ ግን የሁለቱ ዘር መጠን ስለሚቀራረብ አስተማማኝ አይደለም። ጤፍ ከሆነ ከንጹሕ ወረዳ መግዛቱ ይመረጣል።

ዝናብ በጣለ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከጣቢያው ዙሪያ ቢያንስ መቶ እርምጃ ድረስ በእግር ተዘዋውሮ መመልከት ያስፈልጋል። ይህም በየሦስት ሳምንቱ ሊደገም ይገባል፤ አረሙ ከበቀለ በአራት ሳምንት ሊያብብ እንደሚችል ተገልጿልና በወር አንድ ጊዜ የሚደረግ ቁጥጥር አያዋጣም።

የተገኘው ተክል ሳያብብ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከነሥሩ ይነቀላል። በማጭድ ማጨድ ሥራ የተሠራ ያስመስላል እንጂ ከግንዱ ሥር መልሶ ያቆጠቁጣል። የሚነቅለው ሰው ጓንት፣ ጓንት ከታጣም በእጁ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት ማሰር፣ እጀ ረጅም ልብስ መልበስና አፍንጫውን በጨርቅ መሸፈን አለበት። አስም ያለበት ሰው በዚህ ሥራ አይመደብም። አበባና ዘር የያዘ ከሆነ በመሬት ላይ ሳይጎተት በጆንያ ተከቶ እዚያው በአቅራቢያው በተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠላል፤ ይቀበራልም። ወደ ሌላ ቦታ በመኪና ማጓጓዝ ራሱ ማዛመት ነው። ለማዳበሪያ የሚውለውም ያላበበው ብቻ ነው። በሰፊ መሬት ላይ ከተዛመተ 2,4-ዲ ወይም ግላይፎሴት የተባሉት መድኃኒቶች ለጋ ሳለ ሊረጩበት ይችላሉ፤ ነገር ግን ይህ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ሥራ ስለሆነ የመጋዘን ኃላፊ በራሱ ሥልጣን የሚያዘው አይደለም። የእህል መጋዘን ባለበት አጠገብ ደግሞ ጨርሶ ሊታሰብ አይገባውም።

አረም ነቀላ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በሚካሄድበት ቦታ ክፍያው የሚሰላበት መንገድ ሊታሰብበት ይገባል። በተነቀለው ክብደት መክፈል ለሒሳብ ሠራተኛው ቀላል ነው። ለሥራው ግን ጠንቅ ነው፤ ለጋው ተክል ቀላል፣ ያበበውና ያረጀው ከባድ በመሆኑ ሠራተኛው የሚጠቅመው ተክሉ እስኪያድግ ቢጠብቅ ነው። ንጹሕ ሆኖ በተገኘ መሬት ስፋት መክፈልና ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሶ አይቶ ቀሪውን መስጠት ይሻላል። ቁጥጥሩ አድካሚ ቢሆንም ሌላ መንገድ የለውም።

በሠፈራ ሥፍራ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ብቻ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጎጃምና ጋምቤላ ተወስዷል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም በክልሎች ውስጥ ሌላ ሠፈራ ተካሂዷል። ስለ ሠፈራው አፈጻጸም ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ የሚነሣው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ሕዝብ ከቦታ ወደ ቦታ ሲንቀሳቀስ ጆንያው፣ የእርሻ መሣሪያው፣ የቤት ክዳኑ ሣር፣ ከብቱና ጥቂት የቋጠረው ዘር አብረውት ይሄዳሉ። የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ የተመነጠረ፣ ሣሩ የተነሣ፣ መኪና የሚመላለስበት መሬት ነው። ለቅንጭ አረም ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

በመሆኑም መኪኖች አረሙ ካለበት ወረዳ ከመነሣታቸው በፊት ጎማቸው፣ የጭነት ሳጥናቸውና የሸራቸው እጥፋት ከጭቃና ከጥራጊ መጽዳት አለበት። ለከብቶች የሚጫን ድርቆሽ ካለ አበባ የያዘ አረም እንደሌለበት ማየት ይገባል። ከመኖሪያና ከእርሻ ውጭ ያለውን ሣር አላግባብ አለመመንጠር የሚረዳው ለከብት መኖ ብቻ ሳይሆን አረሙን ለመከልከልም ነው።

በዚህ ሥራ ከባለሙያው ቀድመው የሚደርሱ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው ከቆቦ ወይም ከሐረርጌ ቆላ የመጣ ሠፋሪ ነው፤ እርሱ አረሙን በስሙና በጉዳቱ ያውቀዋል። ሁለተኛው የአካባቢው ነባር ገበሬ ነው፤ እርሱ አረሙን ባያውቀውም የአገሩን ዕፅዋት ሁሉ ስለሚያውቅ እንግዳ የሆነውን ወዲያው ይለያል። ሁለቱን በአንድ ስብሰባ አስቀምጦ ተክሉን በእጅ እያሳዩ ማነጋገር በወረቀት ከሚበተን መመሪያ የበለጠ ይሠራል። ጥያቄውም ‹‹ቅንጭ አረም አይታችኋል?›› ተብሎ ብቻ እንዳይቀርብ፤ በየቋንቋው ያለውን ስም መጥራትና ‹‹ካለፈው ክረምት ወዲህ አዲስ የበቀለ ነገር አለ ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ያሻል።

አረሙን በተፈጥሮ ጠላቶቹ ለመቀነስ የሚደረገው ጥረትም እየቀጠለ ነው። ዛይጎግራማ የተባለችው ቅጠል በል የሜክሲኮ ጥንዚዛ በአምቦ በኳራንቲን ሥር ሆና ኑግን የመሰሉ የዚሁ ቤተሰብ ሰብሎችን እንደማትጎዳ ከተመረመረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በወለንጪቲ አካባቢ በመስክ ተለቅቃለች። ምርመራው ዓመታት መፍጀቱ አያስደንቅም፤ የኑግ አገር በሆነችው ኢትዮጵያ የኑግ ዘመድ የሚበላ ነፍሳት ማስገባት የሚያስቸኩል ነገር አይደለም። ጥንዚዛዋ አረሙን ታዳክማለች እንጂ ጨርሳ ስለማታጠፋ ነቀላውን አትተካም።

በአዲስ ወረዳ የተጠረጠረ ተክል ሲገኝ ናሙና መላክ ያስፈልጋል። ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር ቅጠል ያለው፣ ከተቻለም አበባ የያዘ አንድ ሙሉ ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ በጋዜጣ መካከል ይዘረጋል፤ ከላዩ ክብደት ተጭኖበት እስኪደርቅ ድረስ ጋዜጣው በየዕለቱ ይለወጣል። ከናሙናው ጋር የተገኘበት ቀበሌ፣ ቀኑ፣ ከመንገድ ወይም ከመጋዘን ያለው ርቀት፣ የሸፈነው መሬት ስፋትና የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም ካለ እርሱ ተጽፎ ይያያዛል። ናሙናው በወረቀት ፖስታ ሳይሆን አፉ በሚገባ በታሰረ የፕላስቲክ ከረጢት ይላክ፤ ዘሩ በመንገድ ላይ እንዳይፈስ።